ለእንግዳ የማይቀዳው ውሃ

ናዝሬት ያደገ ሰው አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ከስሙ በፊት የሚጠየቀው ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ ነው። የሚጠይቁት ጥርሱን አይተው ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። አላጨስም፣ ያበለዘው ውሃው ነው ብዬ ስመልስ ሁሉም ያምነኝ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ጥርስን ቡናማ እንደሚያደርግ የማያውቅ አልነበረም። እኛም እንደ ወባው፣ እንደ አቧራው፣ ከአገሩ ጋር የመጣ ነገር አድርገን ተቀብለነዋል። ከደጋ የተዛወረ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ሲመጣ ጥርሱን አይተን «ሁለት ዓመት ስጡት» እንል ነበር። ሁለት ዓመት የጠጣው ሁሉ ይበልዛል የሚለው እምነት አብሮኝ አድጓል።

አባቴ ከደጋ ወደ ናዝሬት የወረደው በሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያንኑ የቦኖ ውሃ ጠጥቶ ሲሞት ጥርሱ ነጭ ነበር። አንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠን ስንበላ የእሱ ነጭ፣ የእኛ የልጆቹ ቡናማ መሆኑን በየቀኑ አያለሁ። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። መጠየቅ እንጀራዬ ከሆነ በኋላም አልጠየቅሁም።

መልሱን ያገኘሁት ሳልፈልገው፣ በደርግ ዘመን፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ልዘግብ ወደ ከተማዬ በተላክሁበት ጊዜ ነው። ቀይ ሽብር ካበቃ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መንገድ ላይ ሬሳ አያይም፤ የስም ዝርዝሮቹ ግን አልተቀደዱም። በየቀበሌው፣ በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ከወዳጅ አገሮች የሚመጡ እንግዶች ናዝሬት ላይ ለአንድ ሳምንት ስብሰባ ሊቀመጡ ነበር። የጋዜጣችን አዘጋጅ ጠራኝና ስለ መስተንግዶው ዝግጅት አንድ ሰፊ ጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዘኝ። «ስለ ንግግር አይደለም የምትጽፈው፤ ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚጠጡ ጻፍ። ለሰው የሚገባ ነገር አድርገው» አለኝ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር የወረድሁት።

ሆቴሉ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ከባለቤቱ ተወርሶ መንግሥት የያዘው ቤት ነበር። የመስተንግዶ ኃላፊዋ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ከአብዮቱ በፊት ጀምሮ እዚያው የሠሩ ሴት ናቸው። ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ስለ መጠጥ ልጽፍ ነው የመጣሁት ስላቸው ወደ ጓዳው ይዘውኝ ገቡና ጠርሙሶቹን እንደ ተማሪዎች አሰልፈው አሳዩኝ። አምቦ ውሃ ለብቻ ተደርድሯል። ጥቁሩ ለስላሳ፣ የብርቱካኑ፣ የሎሚው። ሽሮፕ በትልልቅ ጠርሙስ። ተፈልቶ በማጣሪያ ያለፈ ውሃ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ በርሜል። ለሙስሊም እንግዶች ቀሪቦ ይጠመቃል፤ አልኮል የሌለው ብርዝ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይበረዛል።

«አምቦ ውሃ ከሥጋ ጋር ነው። ሳይጠየቅ ይቀርባል» አሉኝ። «የተፈላው ለመድኃኒትና ለሽማግሌ። ለስላሳ ደግሞ ልጄ፣ ብልሃት ይፈልጋል።»

«ምን ብልሃት አለው?»

«ወይን ሲዞር እንዳይቀዳለት ብርጭቆውን የሚደፋ ሰው አለ። ለዚያ ለስላሳውን ዝም ብለህ ታቀርባለህ፤ ምን ይምጣልዎ ብለህ አትጠይቀውም። ሰው በተሰበሰበበት ከጠየቅኸው ሃይማኖቱን ጠየቅኸው ማለት ነው። ጴንጤ መሆኑ ይታወቅበታል። ደግሞ ይሄንን አትጻፈው።»

አልጻፍኩትም።

«የቧንቧውስ ውሃ?» አልኳቸው።

«እሱን እኛ እንጠጣዋለን። ለእንግዳ አይቀዳም።»

ከአስተናጋጆቹ ሁሉ ጎበዙ ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ዕድሜው ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ቀጭን ሰው ጠሩልኝ። ባልደረቦቹ «ደብረ ብርሃን» ነው የሚሉት፤ ከዚያ የመጣ ስለሆነ። ጠርሙስ ሲከፍት ማየት ያስደስታል። ቆርኪውን በፎጣ ሸፍኖ በትንሹ ያላቅቀዋል፤ ጋዙ ተንፍሶ እስኪጨርስ ይጠብቅና ያለ ድምፅ ያነሳዋል። ብርጭቆውን አዘንብሎ ሲቀዳ ከንፈሩ ግጥም ያለ ነው። ይህንን ያስተማሩት እትዬ ናቸው፤ ውሃ የሚቀዳ ሰው አፉን ይዘጋል፣ ትንፋሹ እንግዳው ብርጭቆ ላይ አይደርስም ይላሉ። ሥራ ሲገባ ዋስ የሆኑትም እሳቸው ናቸው። ያኔ ያለ ዋስ ሥራ የሚገባ ሰው አልነበረም።

ጠርሙስ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጠን አነጋገርኩት። ሌላ አስተናጋጅ፣ ወፍራምና ተጫዋች ሰው፣ አጠገባችን ባዶ ጠርሙስ ይለይ ነበር።

«ናዝሬት ከመጣህ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«ለመድከው?»

«ሙቀቱን ለመድኩት፤ ውሃው ግን ቅጣት አለው» አለና አፉን በእጁ ከልሎ በትንሹ አሳየኝ። ጥርሱ የእኔን ያክል በልዟል።

ወፍራሙ ከወዲያ ሆኖ «ደብረ ብርሃን ብርዱን ሸሽቶ መጣና ጥርሱን ገበረ» አለ።

«እኔ ለውሃ ነው የገበርኩት። ያንተን ግን ጠጁ ነው የወሰደው።»

ሦስታችንም ሳቅን። በማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ አስተናጋጅ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከመጣ ሁለት ዓመት፣ «ውሃው ቅጣት አለው»። ለጽሑፌ ጥሩ ቀለም የሚሰጥ አባባል ነበር።

በማግስቱ የእንግዶቹን ጸጥታ የያዘውን ካድሬ ተዋወቅሁት። አጭር፣ ልብሱን በጥንቃቄ የሚተኩስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የብርቱካን ለስላሳ ይወዳል። ጠርሙሱ ዓይኑ እያየ ካልተከፈተ አይጠጣም፤ ከተከፈተ በኋላም ቆርኪውን አንስቶ ውስጡን ካየ በኋላ ነው የሚቀዳለት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም ፋይል ነበር። የሆቴሉ ሠራተኞች የሕይወት ታሪክ ፎርም ነው።

«ጽሑፍህን ሳላየው ወደ አዲስ አበባ አይሄድም» አለኝ።

«እሺ ጓድ።»

«ችግር የለውም፤ እኔ ቶሎ ነው የማነበው።» ፋይሉን መታ መታ አደረገው። «ይሄ ነው ጊዜ የሚወስደው። ሰው ስሙን ሊቀይር ይችላል፤ ሃሳቡንም ሊቀይር ይችላል። የተወለደበትን ቦታ የሚቀይር ግን የሚሸሽገው ነገር አለው። እኔ ሁልጊዜ ከዚያ ነው የምጀምረው።»

ይህን የተናገረው ማንንም ሊያስፈራራ አልነበረም። ስለ አሠራሩ እየነገረኝ ነበር፤ እኔም እንደ አሠራር ነው የሰማሁት።

በዚያው ሳምንት የጤና ጣቢያው የውሃ ተቆጣጣሪ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ሲወርድ አብሬው ሄድሁ። እንግዶቹ ሐይቁን እንዲጎበኙ ስለታሰበ በመንገዱ ያሉትን ቤቶች ውሃ መመርመር ነበረበት። ሐኪም ባይሆንም የከተማው ሰው «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም ደስ ይለዋል። ደግ፣ ብዙ የሚያወራ፣ ዕውቀቱን የማይሰስት ሰው ነው። መቂ ላይ ደላሎች ሽንኩርት በሚያስጭኑበት ሜዳ ዳር አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ «አካም ጅርቱ» ብላ ተቀበለችን፤ ለሻዩ የጉድጓድ ውሃ ስትጥድ፣ ለመጠጥ ግን ከጓዳ ጆግ ይዛ መጣች።

«ይሄ የሰማይ ነው» አለች። ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ በበርሜል ያጠራቀመችው የዝናብ ውሃ ነው። «ለእንግዳ ነው የማስቀምጠው።»

«አንቺስ?» አላት ዶክተር።

«እኛማ ያለቀብን ነን» አለች ጥርሷን እያሳየች፤ ሳቀችም።

ወደ መኪናው ስንመለስ ዶክተርን ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብዬ አየሁት። ጥርሱ ነጭ ነበር።

«ዶክተር፣ አንተ እዚህ ስንት ዓመትህ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ታዲያ ጥርስህን ምን አዳነው?»

ጥያቄውን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል መኪናውን ሳያስነሳ ወደ እኔ ዞረ። «ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ሰባት፣ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይሄን ውሃ የጠጣ ልጅ፣ ጥርሱ ሲወጣ በልዞ ይወጣል። ያደገ ሰው ቢጠጣ ጥርሱን ምንም አይነካውም። ብዙ ዓመት ከጠጣ የሚጎዳው አጥንቱን ነው።»

«ሁለት ዓመት የጠጣ አዋቂስ?»

«ሃያም ዓመት ቢጠጣ። ሰዎች ተሳስተዋል። ጥርሱ የበለዘ ሰው ካየህ በልጅነቱ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ጠጥቷል ማለት ነው። መታወቂያ በለው።»

ያለኝን የጻፍኩት በዚያው በመኪናው ውስጥ ነው። ከአባቴ ጥርስ ጀምሮ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ደስም አለኝ። ደስታው የቆየው ማታ ጽሑፌን ላዘጋጅ ማስታወሻውን እስክገልጥ ድረስ ነበር። በግራው ገጽ «ከደብረ ብርሃን፣ ከመጣ ሁለት ዓመት» ይላል። በቀኙ ዶክተር የነገረኝ አለ። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። በካድሬው ፋይል ውስጥም የመጀመሪያው በፎርም ተሞልቶ፣ ተፈርሞበት ተቀምጧል።

ሁለት መረጃ ሲጋጭ ተመልሶ መጠየቅ ልማዴ ነው። ናዝሬት ስመለስ ቀትር ላይ አስተናጋጁን ጠርሙስ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት መሆኑን እንደገና ጠየቅሁት። ቀጥዬ ዶክተር ያለኝን ነገርኩት። የያዘውን ጠርሙስ ቀስ ብሎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰ። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ።

«ጽፈኸዋል?» አለኝ።

«በማስታወሻዬ ነው።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ዶክተር ስለ ውሃው ያውቃል። ስለ አንተ አያውቅም።»

በሩን ተመለከተ። «የተወለድሁት እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ እርሻ ካምፕ። ወንድሜን የወሰዱት ጊዜ የእኔም ስም ዝርዝሩ ላይ ነበር። አሁን የምጠራበት የአክስቴ ልጅ ስም ነው፤ ሞቷል።» እውነተኛ ስሙንም በሹክሹክታ ነገረኝ።

«ታዲያ ለምን ሩቅ አልሄድክም? እዚህ እኮ ካምፑ አፍንጫ ሥር ነው።»

«ሄጄ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ አፌን በከፈትሁ ቁጥር የቆላው ልጅ ይሉኛል። ከየት ነህ ያላለኝ ሰው የለም። እዚህ ግን ሁሉም እንደ እኔ ነው። ማን ጥርሴን ያያል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ያሰበው ልክ ነበር። የሚያድነው የከተማው ሰው ስህተት ነው፤ ሁለት ዓመት ያበልዛል የሚለው። ያንን ስህተት የሚያርም ጽሑፍ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ መጀመሪያ የሚያነበውም ካድሬው ነው።

የጥርሱን አንቀጽ ከጽሑፉ አወጣሁት። በዚያ ብቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ዶክተር ለሠራተኞቹ ስለ ውሃ አያያዝ ትምህርት ሊሰጥ ቀጠሮ ተይዞለታል፤ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄጄ ለመንሁት።

«ዶክተር፣ የጥርሱን ነገር ተወው።»

«ለምን? ዋናው እኮ እሱ ነው።»

«ለሆቴሉ ስም ጥሩ አይደለም።»

ትንሽ ቅር ቢለውም «እሺ፣ አንተ ካልክ» አለኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ ከዚህ የከፋ አላስታውስም።

ትምህርቱ የተሰጠው እንግዶቹ ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት፣ በመመገቢያው አዳራሽ ነው። አስተናጋጆቹ ነጭ ኮት ለብሰው በአንድ ረድፍ ቆሙ። ካድሬው ፋይሉን ይዞ ከፊት ተቀመጠ፤ የብርቱካን ለስላሳው ቀረበለት። ዶክተር ጥሩ አድርጎ አስተማረ። የትኛው ውሃ እንደሚፈላ፣ በረዶ ከየትኛው እንደሚሠራ፣ የጠርሙስ አፍ እንዴት እንደሚጠረግ ተናገረ። ስለ ጥርስ ምንም አላለም። ጨርሶ ወረቀቱን ሲያጥፍ ካድሬው እጁን አነሳ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። እንግዶቻችን ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን የሚታጠቡት፣ ጥርሳቸውን የሚፍቁት በቧንቧው ውሃ ነው። የዚህ አገር ውሃ ጥርስ ያበልዛል ይባላል። በአንድ ሳምንት ምን ያደርጋቸዋል?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ዶክተር ወደ እኔ ተመለከተ። ፈገግ አለ፤ ክፋት የሌለበት ፈገግታ ነው።

«ይሄን ልናገር ነበር ጓድ፤ ጋዜጠኛው ተወው ስላለኝ ነው።»

ካድሬው ሳይቸኩል ወደ እኔ ዞረ። «ለምን?»

«ለሆቴሉ ስም አስቤ ነው ጓድ» አልኩ።

«ጥሩ አስበሃል። እኛ ግን እውነት አንፈራም። ንገረን ዶክተር።»

ዶክተር ነገረው። ድድ ውስጥ ስላለው ጥርስ፣ ስለ ሰባትና ስምንት ዓመት፣ ያደገን ሰው ጥርስ ስለማይነካው፣ ብዙ ዓመት ሲጠጣ ስለሚጎዳው አጥንት። ተሰልፈው ከቆሙት አንዳንዶቹ በመገረም እርስ በርስ ተያዩ። አስተናጋጁ በረድፉ መካከል፣ ትሪውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን መስኮት ያያል።

«እንዲህ ነው እንዴ» አለ ካድሬው። «እኔም ሁለት ዓመት ነበር የሚመስለኝ።» ከለስላሳው ትንሽ ጠጣና ተነሳ። «አንድ ነገር ቀርቶናል። እንግዳ የሚቀበል ሰው ፊቱ ብሩህ መሆን አለበት። እዚህ ቤት ከንፈር ገጥሞ መቅዳት አያለሁ፤ ቀብር ይመስላል። እስቲ ፈገግ ማለትን እንለማመድ።»

እትዬ ከኋላ ተናገሩ። «ጓድ፣ ውሃ የሚቀዳ አፉን ይዘጋል። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«እትዬ፣ ያ የመሳፍንት ቤት ልማድ ነው። ጌታው ትንፋሽህ እንዳይነካኝ ይላል። እኛ ያንን ጥለነዋል።»

ከግራ ጀመረ። በእጁ ፎርሞቹ አሉ። እያንዳንዱ ሰው ፊት ይቆማል፤ ሰውየው ፈገግ ይላል፤ ካድሬው ወረቀቱን ገልጦ ያያል። ወፍራሙ አስተናጋጅ ተራው ሲደርስ አፉን እስከ መጨረሻው ከፍቶ «ጓድ፣ ከኋላ ያሉት የሉም፤ ይቅርታ» አለና ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ካድሬውም ፈገግ አለ። ቀጠለ።

አስተናጋጁ ጋ ደረሰ። አስተናጋጁ ፈገግ አለ። እጁን አላነሳም፤ ሙሉ ጥርሱን አሳየ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«የት ተወለድክ?»

«ደብረ ብርሃን፣ ጓድ።»

«እዚህም እንደዚያ ይላል። መቼ መጣህ?»

«ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«ዋስህ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ።

ካድሬው ፎርሙን ከሌሎቹ ለይቶ ከታች አስገባው። «ፈገግታህ ጥሩ ነው» አለው፤ «ከነገ ወዲያ የክብር ጠረጴዛውን አንተ ትይዛለህ።» ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

በሚቀጥለው ቀን ሆቴሉ በር ላይ ከዚያ በፊት ያልነበሩ ሁለት ሰዎች ተቀመጡ። ለስላሳ አዘዙ፤ ጠርሙሶቹ ተከፍተው ከፊታቸው ቀረቡ። ረፋዱ ላይ ሳልፍ ሞልተው ነበር፤ ከሰዓት ስመለስም እንደሞሉ ነበሩ። በእንግዶቹ ፊት ግርግር እንደማይፈለግ ሁላችንም ገባን። የሚጠብቁት እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ነው።

እትዬ በልብስ ማጠቢያው በኩል ወደ ሻሸመኔ መንገድ የሚያወጣ ቀዳዳ እንዳለ ለአስተናጋጁ ነገሩት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

«ዛሬውኑ ሂድ» አሉት።

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? አሮጊት ነኝ።»

«የፈረሙት እርስዎ ነዎት። እኔ ከጠፋሁ የሚወስዱት እርስዎን ነው።»

«ይውሰዱኛ።»

«አይሆንም እትዬ» አለና የጠርሙስ ሳጥን አንስቶ ወጣ። እሳቸው ተከትለውት እስከ በሩ ሄዱ፤ ከዚያ ቆሙ። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ደግመው ነገሩት፤ መልሱ ያው ነበር።

ስብሰባው በሰላም ተካሄደ። የክብር ጠረጴዛውን ያዘ። ምን መቼ እንደሚፈለግ አይስትም፤ ጋዝ ያለውን ለሚወደው ጋዝ ያለውን፣ ሆዱን ለሚያመው የተፈላውን ያቀርባል። አንድ እንግዳ ወይን ሲዞር ብርጭቆውን ደፋ፤ አስተናጋጁ ምንም ሳይጠይቀው ሎሚ ለስላሳ አስቀመጠለት። ሲቀዳ ሁሉ ፈገግ ይላል፤ እንደታዘዘው። ካድሬው ከጥግ ሆኖ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል። እንግዶቹ ስለ አስተናጋጁ ትህትና ለአስተርጓሚው ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ እኔም ጽፌዋለሁ፤ ታትሟልም።

በመጨረሻው ቀን ከምሳ በኋላ አውቶቡሶቹ ሊነሱ ሲሉ በረንዳው ላይ አጠገቤ መጥቶ ባዶ ብርጭቆዎች ይሰበስብ ጀመር። ወደ እኔ ሳያይ ነው የተናገረው።

«ስለ ውሃው ጽፈሃል?»

«ጽፌአለሁ።»

«የጥርሱንስ?»

«አልጻፍኩም። አውጥቼዋለሁ።»

«ጻፈው» አለኝ። «አባቴ አንገቱን ማዞር አይችልም። ወደ ጎን ሊያይ ሲፈልግ በሙሉ ሰውነቱ ነው የሚዞረው። የሥራ ብዛት ነው ስንል ነበር። ዶክተሩ ስለ አጥንት ያለው እውነት ከሆነ፣ ካምፑ ውስጥ ያሉ ልጆች ዛሬም ያንኑ እየጠጡ ነው። አሁን ለእኔ ብለህ ብትተወው ምንም አይጠቅመኝም።»

ትሪውን አንስቶ ገባ።

አውቶቡሶቹ ሄዱ። እጃችንን አውለበለብን። አቧራው ሳይረግብ ሁለቱ ሰዎች ከበሩ ተነሱ። ካድሬው ወደ አዳራሹ ገባና አስተናጋጁ የክብር ጠረጴዛውን ሲያነሳ አገኘው። «ጨርስ፣ ችግር የለም» አለው። እሱም ጨረሰ። ጠርሙሶቹን በየዓይነታቸው ለየ፤ የአምቦውን ከአምቦው፣ የለስላሳውን ከለስላሳው። የጠረጴዛውን ጨርቅ አጠፈ። ነጭ ኮቱን አውልቆ ለእትዬ ሰጣቸው። እትዬ ኮቱን ተቀብለው አንገትጌውን ሲያቃኑ አስታውሳለሁ፤ ሌላ ሰው ሊለብሰው እንደሆነ ሁሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነበር፤ ፀሐዩ ገና ከባድ ነው። ከሁለቱ ሰዎች መሃል ሆኖ ወጣ፤ ማንም አልጮኸም።

እትዬን አንድ ጊዜ ጠርተው ጠየቋቸውና ለቀቋቸው። ካድሬው ስለ እኔ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ጽሑፌን ሲመልስልኝ ከአንድ ኮማ በቀር የነካው ነገር አልነበረም።

አዲስ አበባ እንደተመለስሁ የዶክተርን ቃል እንደገና አረጋግጬ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀሁ። አዘጋጁ ለወራት መሳቢያው ውስጥ አቆየው። በመጨረሻ በጤና ዓምዱ ግርጌ፣ የካምፑ ቦታ ሳይጠቀስ፣ ስሜም ሳይኖርበት ታተመ። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ወላጆች ስምንት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የዝናብ ውሃ እንዲያጠራቅሙ ይመክራል። በናዝሬትና በአካባቢው ባሉ እስር ቤቶች ስለ አስተናጋጁ በሁለቱም ስሞቹ ጠይቄአለሁ፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ጠይቄአለሁ። በሁለቱም ስሞች የተመዘገበ ሰው የለም ነው የተባልሁት።